ከምጣዱ ካርቶን ውስጥ የወጣው

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ
ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እኅቴ ለእታለም፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆችሽና የልጅ ልጆችሽስ ደኅና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር ሳልጽፍልሽ መቅረቴ ምንም ሰበብ የሚሸፍነው አይደለም፤ ስለዚህ ሰበብ ሳልደረድር ይቅር በዪኝ ብቻ ልበልሽ። ስለ ጡረታዬ፣ ስለ ጉልበቴ፣ ስለ ልጆቹ ሌላ ቀን አጫውትሻለሁ። ዛሬ የምጽፍልሽ እንቅልፍ የነሣኝ አንድ ነገር ስላለ ነው፤ እርሱንም ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

ነገሩ የጀመረው በምጣዳችን ነው። በሠፈራችን ያለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፣ ከየአገሩ ተሰደው ወደዚህ አካባቢ የመጡ ሰዎች የተገለገሉባቸውን ዕቃዎች ከነታሪካቸው ሰብስቦ በመስከረም ወር ለሕዝብ ሊያሳይ ተነሥቷል። ከኤል ሳልቫዶር የመጣችው ጎረቤቴ የእናቷን የበቆሎ መፍጫ ድንጋይ ሰጠች፤ ከፎቅ በላይ የሚኖሩት ቬትናማዊ ሽማግሌ ደግሞ በጀልባ ሲሻገሩ ኪሳቸው ውስጥ የነበረውን ኮምፓስ ሰጡ። ከእኛ ወገን የመጣው ግን መሶብ፣ ጀበናና የእጅ መስቀል ብቻ ሆነ። እነዚህ መልካም ዕቃዎች ናቸው፤ ነገር ግን አብዛኞቹ መንገዱ ከተከፈተ በኋላ፣ አገር ቤት ደርሰን ስንመለስ በሻንጣ ያመጣናቸው ናቸው። መተማን በሌሊት ስንሻገር መሶብ የተሸከመ ሰው አንቺም አላየሽም፤ እኔም አላየሁም። ስለዚህ የእኛን ስደት በእውነት የሚናገሩት ሌሎች ዕቃዎች ናቸው ብዬ ከምድር ቤት ሳጥኖቼን አወጣሁ።

መጀመሪያ ያገኘሁት ያንን ነጭ የላስቲክ ቦርሳ ነው። ካርቱም ላይ የደረት ራጃችንንና ወረቀታችንን ጨምረው አንገታችን ላይ ያንጠለጠሉልን፣ አውሮፕላን ጣቢያ ላይ ተቀባዮቻችን በሩቁ የለዩን በእርሱ ነበር። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ቦርሳውን እንዳየች «ከ1989 በፊት ነው የመጣችሁት» አለችኝ፤ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑ ነው። እንዴት ዐወቅሽ ብላት፣ ስደተኞችን የሚያጓጉዘው፣ እኛንም ያመጣን ዓለም አቀፍ ድርጅት ያን ጊዜ አይ.ሲ.ኤም. ይባል እንደ ነበርና በ1989 ስሙን ወደ አይ.ኦ.ኤም. እንደ ለወጠ፣ ቦርሳው ላይ የታተመው ደግሞ አሮጌው ስም እንደ ሆነ ነገረችኝ። በአንዲት ፊደል ብቻ ዘመናችንን አወቀች! በመዝገባችን ላይ ግን እንደምታውቂው የሁላችንም ልደት ጃንዋሪ 1 ነው። አንቺማ በስደተኛ መዝገብ ላይ አራት ዓመት ተቀንሶልሽ ስለ ገባሽ፣ እታለም እያልሁ ስጠራሽ ዛሬም «ታናሽሽ ነኝ» ብለሽ እንደምትከራከሪኝ አልጠራጠርም። ከቦርሳው ጋር የአውሮፕላን ትኬታችንን ብድር በየወሩ የከፈልንበትን ደረሰኝም አገኘሁት፤ የመጨረሻው ወረቀት ላይ በአንቺ እጅ «ተፈጸመ» ተብሎ ተጽፎበታል።

ከዚያ ምጣዱን ከነካርቶኑ አወጣሁ። በ1979 ዓ.ም. መስከረም አካባቢ ከደመወዛችን አዋጥተን የገዛነው ያ ሄሪቴጅ ምጣድ፣ ዛሬም ሶኬት ላይ ሲሰካ ይግላል። ከሥሩ የለጠፍሽው ነጭ ፕላስተር አልተላጠም፤ ሰኞ የማን፣ ማክሰኞ የማን እንደ ሆነ ያከፋፈልሽበት የአምስታችን ስም በሰማያዊ እስክሪብቶ አሁንም ይነበባል። ቅዳሜና እሑድን ለራስሽ እንዳደረግሽ ያን ጊዜ ማናችንም ልብ አላልንም ነበር፤ እነሆ ከ38 ዓመት በኋላ ተያዝሽ። የካርቶኑ አንድ ጎን ደግሞ የለም። ሰፌድ ስላልነበረን እንጀራውን የምናወጣበትን ክብ የቆረጥሽው ከእርሱ ነው። ምጣዱ ያለ ክዳን ስለ ተሸጠልን፣ እንጀራው ዐይን እንዲያወጣ በትልቁ ድስት ክዳን እየከደንን፣ እንፋሎቱ እንዳያመልጥ ጨርቅ እያዞርንበት እንጋግር የነበረውን ሁሉ ለሠራተኛዋ ነገርኋት። ጤፍ ብርቅ ስለ ነበረ ሰልፍ ራይዚንግ በሚባለው፣ ማስነሻ በተጨመረበት የስንዴ ዱቄት እንደ ጀመርን፣ ኋላም ኢትዮጵያ ውስጥ ኖሮ የተመለሰ ዌይን ካርልሰን የተባለ አሜሪካዊ አይዳሆ ላይ ጤፍ መዝራቱን ሰምተን፣ የመጀመሪያውን ከረጢት ስንከፍት ሽታው እንዴት እንዳስለቀሰን ጭምር ነገርኋት።

ምጣዱ መጀመሪያ ለማን እንደ ተሠራ ግን አንቺም እንደ እኔ አታውቂ ይሆናል። መመሪያው ላይ እንጀራ የሚመስል ሥሥ ቂጣ በረጅም እንጨት የምታገላብጥ ሴት ሥዕል እንደ ነበረ ታስታውሻለሽ? ቂጣው ለፍሴ ይባላል፤ ከድንችና ከዱቄት የሚጋገር የኖርዌዮች ምግብ ነው። ምጣዱም የሚሠራው አዮዋ ውስጥ ክሬስኮ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ አያቶቻቸው ከኖርዌይ ተሰደው ለመጡ ሰዎች ነው። ትልቋ ልጄ ሚኒያፖሊስ ስለምትኖር ባለፈው ክረምት ልጠይቃት በሄድሁ ጊዜ፣ ከክሬስኮ ብዙም ወደማይርቀው ወደ ዴኮራ ወሰደችኝ። እዚያ ቬስተርሃይም የተባለ የኖርዌይ ስደተኞች ሙዚየም አለ፤ ዕቃ መሰብሰብ የጀመሩት በ1877 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። በአንድ አዳራሽ ውስጥ እነዚያ ሰዎች ባሕሩን ሲሻገሩ የያዟቸው የእንጨት ሣጥኖች ተደርድረዋል። በአበባ ቅርጽ የተቀቡ፣ የባለቤቱ ስምና ዓመተ ምሕረት ፊት ለፊት በጉልህ የተጻፈባቸው፣ ማዕዘናቸው በብረት የታሰረ ሣጥኖች ናቸው። አንዷን ጎንበስ ብዬ ሳያት የቁልፏ ቀዳዳ ዙሪያ በእጅ ብዛት ተልጦ እንጨቱ ወጥቷል። ያችን ሣጥን ማን ስንት ጊዜ ከፍቶ የእናቱን ልብስ እንዳሸተተ እግዚአብሔር ይወቅ።

አስጎብኚው በመቶ ዓመት ውስጥ ከ800 ሺህ በላይ ኖርዌያውያን ወደ ሰሜን አሜሪካ እንደ ፈለሱ ነገረን። በ1825 የመጀመሪያዎቹን ከስታቫንገር ይዛ የተነሣችው ሬስታውራሲዮን የተባለች ትንሽ መርከብ 52 ሰዎችን አሳፍራ ነበር፤ ኒው ዮርክ ስትደርስ ግን 53 ነበሩ፤ በመንገድ ላይ አንዲት ሴት ወልዳለችና። ይህን ስሰማ አንቺን አሰብሁ። ልጄ «ምነው እማዬ፣ ምን ሆንሽ?» ስትለኝ የምመልስላት አጣሁ።

እታለም፣ እስካሁን የዞርሁት ወደዚህ ላለመድረስ ነው።

ባለፈው ወር ምጣዱን ወስጄ ሳስረክብ ሠራተኛዋ ካርቶኑን እያገላበጠች ሳለ የመመሪያውን ደብተር አወጣችው። ደብተሩ ወፍሮ ነበር። ስትገልጠው በመካከሉ ሰማያዊ የአየር ደብዳቤና አንዲት ካሴት ወጡ። እኔ ራሴ የደበቅኋቸው ናቸው፤ እዚያ እንዳሉ ግን፣ እውነቱን ልንገርሽና፣ ልቤ ሆነ ብሎ ረስቶት ነበር። የአንቺ እጅ የማይነካውን ቦታ መርጬ ነው ያስቀመጥኋቸው፤ መመሪያውን «ይህ የድንች ነገር ነው» ብለሽ አንድ ጊዜ ካየሽው በኋላ አልገለጥሽውምና።

ደብዳቤው የወንድማችን ነው። ከጎንደር የተጻፈው ጥር 12 ቀን 1979 ዓ.ም. ነው፤ የፖስታ ቤቱ ማኅተምም አልደበዘዘም። እናታችን በጥምቀት ማግስት ማረፋቸውን ገልጾ፣ ለአንቺ በደብዳቤ እንዳልነግርሽ፣ ይልቁንም ሰው አሰባስቤ በወጉ እንዳረዳሽ ይለምነኛል። እኔ እጅ የገባው የካቲት መጨረሻ ላይ ነው። አንቺ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነበርሽ፤ ሐኪሙም የደም ግፊትሽ ከፍ ብሏል ብሎ ሥራ አስቁሞሽ ነበር። ለባለቤትሽ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ታክሲው ውስጥ ቁጭ ብለን ደብዳቤውን አነበብሁለት። መሪውን ይዞ ብዙ ጊዜ ዝም ካለ በኋላ «እስክትገላገል ይቆይ» አለኝ። ተገላገልሽ፤ ሕፃኗ ደካማ ስለ ነበረች «ክርስትናዋ ይድረስ» አለኝ። ሰማንያ ቀኗ ሲሞላ ክርስትና ተነሣች፤ በሳምንቱ ሰኔ ላይ ሽማግሌዎቹን ይዘን ንጋት ላይ በርሽን አንኳኳን። መርዶን እንዲህ ማቆየት በእኛ ዘንድ ወግ ነው፤ ለዚህ ብቻ ቢሆን ይቅርታሽን ለመጠየቅ ይህን ያህል ባልተንቀጠቀጥሁ። ከአገሩ የራቀ ሰው ሁሉ አንድ ቀን እንዲህ ዘግይቶ ያለቅሳል።

በእነዚያ አራት ወራት መካከል ግን ሌላ ነገር አደረግሁ። በአራስነትሽ፣ ሚያዝያ ላይ፣ ያቺን ካሴት ለእናታችን ቀድተሽ ሰጠሽኝ። አንድ መነኩሴ ወደ አዲስ አበባ ሊሄዱ ነው ብዬሽ ነበር፤ ለእርሳቸው እንድሰጥልሽ፣ ለእናታችን ከገዛሽላቸው ሻሽ ጋር አቀበልሽኝ። በካሴቱ ጀርባ ላይ «ለእማዬ ብቻ» ብለሽ ጽፈሻል። ምን እንዳለበት አንቺው ነግረሽኛል፦ የሕፃኗ ለቅሶ አለበት፣ ምጥሽ እንዴት እንደ ነበረ አለበት፣ በመጨረሻም ስም እንዲያወጡላት ለምነሻቸዋል። ሻሹን ለመነኩሴው ሰጥቼ ለአንዲት ችግረኛ እንዲሰጡልኝ ለመንኋቸው። ካሴቱን ግን ለማን ልልከው? ለሞተ ሰው የሚላክ ካሴት ይዤ ሁለት ሳምንት በቦርሳዬ ዞርሁ። አንቺ ደግሞ በየቀኑ «መልስ አልመጣም?» እያልሽ ትጠይቂኛለሽ፤ ልጅቷ ያለ ስም አርባ ቀን ሊሞላት ሆነ፤ ሰው ሁሉ ስም ሲያቀርብልሽ «እማዬ ሳትሰይማት» እያልሽ ትመልሻለሽ።

በግንቦት መጀመሪያ አንድ ጠዋት ወደ ቤትሽ መጥቼ እናታችን በሰው በኩል በቃል እንደ ላኩብኝ፣ ልጅቷ እንዲህ ትባል እንዳሉ ነገርሁሽ። ያን ስም የሰጠሁሽ እኔ ነኝ። ልጅሽ 38 ዓመት የተጠራችበትን ስም፣ «አያትሽ በዓይኗ ሳታይሽ፣ ልትሞት ስትል የላከችልሽ ነው» እያልሽ የነገርሻትን ስም፣ ያወጣሁት እኔ ነኝ። እናታችን ልጅ መውለድሽን ሳይሰሙ ነው ያረፉት። ስሙን እዚህ ወረቀት ላይ ለመጻፍ እንኳ እጄ አልደፈረም።

ለምን እንዲህ እንዳደረግሁ አሁን ብዙ ማለት እችል ይሆናል፤ ያን ጊዜ ግን ያሰብሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር። አልጋሽ ላይ ተቀምጠሽ፣ ሕፃኗን ታቅፈሽ፣ በር በተንኳኳ ቁጥር ቀና የምትዪው ፊትሽ አላስቀምጥ አለኝ። ስሙንም ከሜዳ አላነሣሁትም። ከአዘዞ የወጣንበትን ሌሊት አስቢ። አንቺ ከመንገድ መሪው ጋር ቀድመሽ ወጥተሽ ነበር፤ እኔ ነጠላዬን ልፈልግ ወደ ጓዳ ተመለስሁ። እናታችን በሩ ላይ ቆመው፣ በእጃቸው ፊቴን ደባብሰው፣ ያንን አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ። ለእኔ ይሁን ለአንቺ፣ ምርቃት ይሁን ልመና፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ስለ ልጅቷ የተናገሩት እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ። ስም ስትጠብቂባቸው ከአፋቸው የሰማሁት የመጨረሻ ቃል እርሱ ስለ ነበረ፣ እርሱኑ አመጣሁልሽ።

ሠራተኛዋ ደብዳቤውንና ካሴቱን ስታይ ፊቷ በራ። ከምጣዱ ይልቅ እነዚህ እንደሚበልጡ፣ ዕቃ ያለ ድምፅ እንደማይናገር፣ ካሴቱን በባለሙያ አስገልብጠው ሰዎች በጆሮ ማዳመጫ እንዲሰሙት እንደሚፈልጉ ነገረችኝ። ሥራዋን የምትወድ፣ ልባም ልጅ ናት፤ አልተቆጣኋትም። ነገር ግን ሁለቱ ጎን ለጎን በመስታወት ሥር ሲቀመጡ ታየኝ። ደብዳቤው ጥር 1979 ይላል። ካሴቱ ላይ በአንቺ እጅ የተጻፈው ቀን ሚያዝያ 1979 ነው። ልጅሽ ከዋሽንግተን ዘመዶቿ ጋር ልታይ ብትመጣ፣ አማርኛ ማንበብ አስተምረሻታልና፣ ሁለቱን ቀኖች አንብባ ለመደመር ሩብ ደቂቃ አይፈጅባትም። የቦርሳው አንዲት ፊደል ዘመናችንን እንደ ተናገረች፣ እነዚህም የእኔን ነገር አንድ በአንድ ይናገራሉ። ያንን ከመስታወት ሥር ከምትሰሚው ከእኔ አፍ ስሚው ብዬ ነው የጻፍሁልሽ። እውነቱን ለመናገር፣ ደብዳቤው ባይገኝ ኖሮ እጽፍልሽ እንደ ነበር መማል አልችልም፤ ከሁሉ ይልቅ ያሳፈረኝ ይኸው ነው።

ሁለቱን መልሼ ወደ ቤት አምጥቻቸዋለሁ። ደብዳቤው የአንቺ ነው፣ ካሴቱ የአንቺ ነው፤ ለእኔ ለመስጠትም ሆነ ለመከልከል መብት የለኝም። ላኪልኝ ካልሽ በዚያው ቀን በአደራ እልካለሁ። ቅበሪው ወይም አቃጥዪው ካልሽ እንደ ቃልሽ አደርጋለሁ። ለልጅሽ መንገር አለመንገሩም የአንቺ ፈንታ ነው፤ እኔ ከአንቺ ቃል ሳልሰማ በዚህ ነገር አፌን አልከፍትም። ንገሪያት ካልሽኝ ግን አውሮፕላን ተሳፍሬ መጥቼ፣ በአንቺ ፊት፣ አያቷ በር ላይ ቆመው ያሉትን ቃል ራሴ እነግራታለሁ።

ምጣዱን በሚመለከት አንድ ነገር ቀርቷል። የስጦታው ቅጽ ላይ «የዕቃው ባለቤት» የሚል መስመር አለ፤ በመጀመሪያው ቀን የእኔን ስም ጽፌ ፈርሜ ነበር። ቤቴ ስገባ ከዚያ ምጣድ ዋጋ ግማሹን አንቺ ብቻ እንደ ከፈልሽ፣ ለሌሎቻችን በየሳምንቱ አምስት ዶላር እየሰጠን እንድንጨርስ እንደ ታገሥሽን ትዝ አለኝ። በማግሥቱ ሄጄ ቅጹን አስቀየርሁና አዲሱ ላይ ስምሽን በእርሳስ ጽፌያለሁ። በቀለም ለመጻፍ ፈቃድሽን እፈልጋለሁ፤ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ይጠብቁናል። ከሥሩ ያለውን ፕላስተር ሊያጸዱት አስበው ነበር፤ እንዳይነኩት አስምያቸዋለሁ። በአንቺ ተራ ላይ ያለውን ቅዳሜና እሑድም በአማርኛም በእንግሊዝኛም እንዲጻፍ ነግሬያቸዋለሁ።

ካሴቱን አላዳመጥሁትም። ያን ጊዜም አላዳመጥሁትም፤ «ለእማዬ ብቻ» ይላልና። የልጄ ባለቤት ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ የካሴት ማጫወቻ ገዝቶልኝ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ ባትሪ አላስገባሁበትም። የሲያትል ሰዓት ከእኛ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ እንደ ሆነ አልረሳሁም፤ እኩለ ሌሊትም ቢሆን፣ ልትቆጪኝም ቢሆን ደውዪ። ስልኬን ከራስጌዬ አላርቀውም።

እኅትሽ